የሰማይ ዳሰሳ ምስሎችን በኮምፒዩተር ማሳየት፦ የመስታወት ሰሌዳው ቦታ፣ ቀንና ቀለም

በሥነ ፈለክ ሶፍትዌር ላይ አንድን የሰማይ ክፍል አጉልቶ የሚመለከት ሰው፣ በስሌት ከተሣሉት የከዋክብት ነጠብጣቦች ጀርባ ጭጋጋማ ኔቡላዎችን፣ ደብዛዛ ጋላክሲዎችንና በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ከዋክብትን የያዘ እውነተኛ ፎቶግራፍ ያገኛል። ይህ ፎቶግራፍ በአብዛኛው የሚመጣው ዲጂታል የሰማይ ዳሰሳ ከሚባለውና በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ዲኤስኤስ ተብሎ ከሚታወቀው ስብስብ ነው። ስብስቡ መላውን ሰማይ የሚሸፍን ሲሆን፣ መነሻው ግን ዲጂታል ካሜራ ሳይሆን ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በቴሌስኮፕ ውስጥ ለሌሊት ሰማይ ብርሃን የተጋለጡ፣ ብርሃን የሚቀበል ኬሚካል የተቀቡ የመስታወት ሰሌዳዎች ናቸው። ሶፍትዌሩን ጭኖ ምስሉን ማስነሣት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሆኖም እያንዳንዱ ምስል የራሱ ቦታ፣ የራሱ ቀንና የራሱ ቀለም ያለው ልኬት ስለሆነ፣ እነዚህ ሦስቱ ከምስሉ ጋር አብረው እንዲነበቡ ሆኖ ያልተዘጋጀ ሶፍትዌር የሚሰጠው ጌጥን እንጂ እውቀትን አይደለም። ይህ ዲስኩር የሚያተኩረውም ሦስቱ በዝግጅቱ ወቅት እንዴት እንደሚጠበቁ በማስረዳት ላይ ነው።

የስብስቡ አንጋፋ ክፍል የተሠራው በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የፓሎማር የሥነ ፈለክ ጣቢያ ሲሆን፣ ያገለገለውም በ1948 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው 1.2 ሜትር ገደማ የብርሃን መግቢያ ያለው የሽሚት ቴሌስኮፕ ነው። የሽሚት ቴሌስኮፕ የሚባለው ጠማማ መስተዋትን ከፊቱ ከሚቀመጥ ቀጭን ማረሚያ ሌንስ ጋር በማጣመር፣ ተራ ቴሌስኮፕ በአንድ ጊዜ ሊያነሣው የማይችለውን ሰፊ የሰማይ ክፍል ከዳር እስከ ዳር ጥርት አድርጎ የሚያነሣ የመሣሪያ ዓይነት ነው። በፓሎማር ያገለገለው ሰሌዳ በየጎኑ 14 ኢንች ወይም 35.6 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ በሰማይ ላይ በየአቅጣጫው 6.5 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም 13 ሙሉ ጨረቃዎች ጎን ለጎን ቢደረደሩ የሚይዙትን ስፋት ይሸፍናል። በናሽናል ጂኦግራፊክ ማኅበር ድጋፍ ከ1949 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የመጀመሪያው የፓሎማር ዳሰሳ፣ እያንዳንዱ የሰማይ ክፍል አንድ ጊዜ ለቀይ ብርሃን በሚነቃ ሰሌዳ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ለሰማያዊ ብርሃን በሚነቃ ሰሌዳ ተነሥቷል። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተሻሻሉ ኬሚካሎች ሁለተኛው የፓሎማር ዳሰሳ ተካሂዷል። የደቡቡን ሰማይ ደግሞ በአውስትራሊያ ሳይዲንግ ስፕሪንግ ላይ የተተከለውና ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያገለገለው የእንግሊዝ ሽሚት ቴሌስኮፕ አንሥቶታል። አንድን ሰሌዳ ለማንሣት በአብዛኛው ብዙ ደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ከአንድ ሰዓት በላይ ያስፈልግ ስለነበር፣ ቴሌስኮፑን የሚመራው ባለሙያ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድን መሪ ኮከብ ከዓይኑ ሳይለቅ የምድርን መሽከርከር ማካካስ ነበረበት፤ ዛሬ በአንድ ቅጽበት የሚገለጠው ምስል የእንዲህ ያለ ትዕግሥት ውጤት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

እነዚህ ሰሌዳዎች ወደ ዲጂታል የተለወጡት የሰማይ ምስል ለሕዝብ ለማቅረብ ታስቦ ሳይሆን ለሐብል የሕዋ ቴሌስኮፕ ሲባል ነው። ሐብል በ1990 እ.ኤ.አ. ከመምጠቁ በፊት፣ ቴሌስኮፑ ወደ አንድ አቅጣጫ በጽናት እንዲመለከት የሚረዱት መሪ ከዋክብት አስቀድመው መታወቅ ነበረባቸው፤ ለዚህም በአሜሪካ ባልቲሞር የሚገኘው የሕዋ ቴሌስኮፕ ሳይንስ ተቋም ሰሌዳዎቹን በረቂቅ የብርሃን መለኪያ መሣሪያዎች ነጥብ በነጥብ አንብቦ፣ ወደ 19 ሚሊዮን የሚጠጉ የሰማይ አካላትን የያዘ የመሪ ከዋክብት ካታሎግ በ1989 እ.ኤ.አ. አዘጋጀ። ለካታሎጉ ሲባል የተነበቡት ምስሎች ራሳቸው ትልቅ ሀብት መሆናቸው ሲታወቅ፣ የመጀመሪያው ትውልድ ስብስብ ተጨምቆ በ1994 እ.ኤ.አ. በ102 ሲዲዎች ታተመ።

የምስሉን ዝርዝር ወሰን ለመረዳት አንድ ቀላል ስሌት በቂ ነው። ዲግሪ በ60 የቅስት ደቂቃዎች፣ የቅስት ደቂቃ ደግሞ በ60 የቅስት ሰከንዶች ይከፈላል። በሽሚት ሰሌዳ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር በሰማይ ላይ ከ67 የቅስት ሰከንድ ጥቂት የሚበልጥ ርቀትን ይወክላል፤ የመጀመሪያው ትውልድ ንባብ በየ25 የሚሊ ሜትር ሺኛ እየተራመደ ስለተካሄደ አንድ ፒክስል 1.7 የቅስት ሰከንድ ሆነ፤ በኋላ የተዘጋጀው ሁለተኛው ትውልድ በየ15 የሚሊ ሜትር ሺኛ ስለተነበበ ፒክስሉ ወደ 1 የቅስት ሰከንድ ወረደ። ስለዚህ አንድ ተጠቃሚ በሶፍትዌሩ ላይ ከዚህ በላይ ቢያጎላ የሚያገኘው ትልልቅ ካሬዎችን ወይም ሶፍትዌሩ በመካከላቸው የሞላውን ማለስለሻ እንጂ አዲስ መረጃ አይደለም፤ የማጉላት ቁልፍ ወሰን የሌለው መስሎ ቢታይም፣ የመስታወቱ ወሰን ግን የታወቀ ነው።

ዛሬ ሲዲዎቹን የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው። በፈረንሳይ የስትራስቡርግ የሥነ ፈለክ መረጃ ማዕከል የዳበረውና በ2017 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የቨርቹዋል ኦብዘርቫቶሪ ኅብረት መስፈርት ሆኖ የጸደቀው ሂፕስ የተባለው አሠራር፣ መላውን ሰማይ በእኩል ስፋት ወደተከፈሉ ንጣፎች በመበተን፣ ተጠቃሚው የሚያየው ክፍል ብቻ በሚያየው የማጉላት ደረጃ እንዲወርድለት ያደርጋል። ክፍፍሉ ሰማይን መጀመሪያ በ12 እኩል ክፍሎች ከከፈለ በኋላ፣ በእያንዳንዱ ተከታይ ደረጃ አንዱን ክፍል በአራት ይከፍለዋል፤ በዚህ ስሌት ሦስተኛው ደረጃ 768 ንጣፎች ሲኖሩት፣ ዘጠነኛው ደረጃ 3,145,728 ንጣፎች ይኖሩታል። እያንዳንዱ ንጣፍ በየጎኑ 512 ፒክስል በሆነበት የተለመደ አሠራር፣ የሦስተኛው ደረጃ ፒክስል 52 የቅስት ሰከንድ ገደማ ሲሆን፣ የዘጠነኛው ደረጃ ፒክስል 0.8 የቅስት ሰከንድ ገደማ ስለሚሆን ከሁለተኛው ትውልድ ንባብ ዝርዝር ጋር ይመጣጠናል። የአንድ ሙሉ ጨረቃን ስፋት በዘጠነኛው ደረጃ ለማየት ከ25 እስከ 40 የሚሆኑ ንጣፎች ይበቃሉ፤ የኢንተርኔት መስመሩ ቀርፋፋ የሆነ ተጠቃሚ መላውን ሰማይ ለማውረድ ሳይገደድ የፈለገውን ብቻ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን አሠራር የሚጠቀሙ ነፃ ሶፍትዌሮች በርካታ ናቸው። ስቴላሪየም የሚባለው ፕሮግራም ሰማይን ከአንድ ቦታ ቆሞ እንደሚያይ ሰው የሚያሳይ ሲሆን፣ በኤፍ 4 ቁልፍ በሚከፈተው የሰማይና የእይታ ሰሌዳ ውስጥ ዳሰሳዎችን የሚዘረዝር ክፍል አለው፤ ተጠቃሚው ከዝርዝሩ የዲኤስኤስን ባለቀለም ምስል መርጦ ያበራዋል። ኬስታርስና ካርት ዱ ሲየል የተባሉትም ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣሉ፤ በተለይ ኬስታርስ ቴሌስኮፕን ከሚቆጣጠር ሥርዓት ጋር ስለሚገናኝ፣ ቴሌስኮፑ ሊያነሣው ያለውን ክፍል ከማንሣቱ በፊት በዲኤስኤስ ምስል ላይ አስቀምጦ ለማየት ይመቻል። ለጥናት የሚመረጠው ግን አላዲን የተባለው የስትራስቡርግ ማዕከል ፕሮግራም ነው። አላዲን የአንድን አካል ስም ሲቀበል ስሙን ከማዕከሉ የመረጃ ቋት ጠይቆ ወደ ቦታው ይሄዳል፤ ከዳሰሳዎች ዝርዝር ውስጥ ቀዩን፣ ሰማያዊውን፣ ለዓይን የማይታየውን የታሕታይ ቀይ ምስል ወይም ባለቀለሙን ለየብቻ ያነሣል፤ በላያቸውም የከዋክብት ካታሎጎችን ይደርባል። በአሜሪካ የስሚትሶኒያን አስትሮፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ የተዘጋጀው ዲኤስ 9 ደግሞ የአንድን ሰሌዳ ቁራጭ ከነሙሉ መግለጫው በማውረድ ረገድ ተመራጭ ነው። ጀማሪ በስቴላሪየም ቢጀምር መልካም ነው፤ መለካት የሚፈልግ ግን ከአላዲን ወይም ከዲኤስ 9 ውጭ መሥራት የለበትም።

ከሦስቱ ነገሮች የመጀመሪያው ቦታ ነው። የሥነ ፈለክ ምስል የሚቀመጥበት ፊትስ የተባለው የፋይል ዓይነት በ1981 እ.ኤ.አ. የታተመ መስፈርት ሲሆን፣ ከተራ የፎቶግራፍ ፋይል የሚለየው በምስሉ መነሻ ላይ በግልጽ ጽሑፍ የሚነበብ መግለጫ መያዙ ነው። መግለጫው ምስሉ የተነሣበትን ቀን፣ ቴሌስኮፑን፣ የሰሌዳውን መለያ፣ ለብርሃን የተጋለጠበትን የጊዜ ርዝመት፣ እንዲሁም የትኛው ፒክስል በሰማይ ላይ የትኛውን ነጥብ እንደሚወክል የሚያሰላውን ቀመር ይዟል። የሰማይ ነጥብ የሚገለጸው በሁለት ቁጥሮች ነው፤ አንደኛው ዴክሊኔሽን የሚባለው ከሰማይ ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለው የማዕዘን ርቀት ሲሆን፣ ሁለተኛው ራይት አሴንሽን የሚባለውና በሰማይ ወገብ ላይ ከአንድ የተወሰነ መነሻ ወደ ምሥራቅ የሚቆጠረው ርቀት ነው። የምድር ዘንግ ቀስ በቀስ ስለሚዞር ይህ መነሻ በየዓመቱ 50 የቅስት ሰከንድ ገደማ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩ ሲዘጋጅ መጋጠሚያዎቹ የ2000 እ.ኤ.አ. መሆናቸው ወይም የዕለቱ መሆናቸው መወሰን አለበት። ሁለቱን የቀላቀለ ተጠቃሚ በ2025 እ.ኤ.አ. እስከ 21 የቅስት ደቂቃ የሚደርስ ስሕተት ይገጥመዋል፤ ይህም ከጨረቃ ስፋት ሁለት ሦስተኛ ማለት ሲሆን፣ አነስተኛ እይታ ያለው ቴሌስኮፕ የሚፈልገውን ጋላክሲ ፈጽሞ እንዲስተው ያደርገዋል።

ከዚህ ይልቅ ረቂቅ የሆነ ችግር ከመስታወቱ አካላዊ ታሪክ የሚመጣ ነው። የሽሚት ቴሌስኮፕ ጥርት ያለ ምስል የሚፈጥረው በጠፍጣፋ ሳይሆን በጎበጠ ገጽ ላይ በመሆኑ፣ ሰሌዳው በማቀፊያው ውስጥ ሳይሰበር በጥንቃቄ ጎብጦ ይነሣ ነበር፤ ከታጠበ በኋላ ግን ወደ ጠፍጣፋነቱ ተመልሶ በዚያ ሁኔታ ተነበበ። በጎበጠ ሰሌዳ የተነሣና በጠፍጣፋ ሰሌዳ የተለካ ምስል በየጠርዙ በጥቂቱ መዛባቱ አይቀርም፤ ይህን ለማረም የሕዋ ቴሌስኮፕ ሳይንስ ተቋም ለእያንዳንዱ ሰሌዳ ብዙ አባላት ያሉት የሒሳብ ቀመር አዘጋጅቶ በፊትስ መግለጫው ውስጥ አኖረው። ይህን ቀመር የማያነብ ሶፍትዌር ሰሌዳውን ከመነሻው ጠፍጣፋ እንደነበረ ቆጥሮ ያልፋል፤ በዚህም የከዋክብቱ ቦታ በጥቂት የቅስት ሰከንዶች ይዛነፋል። ለተመልካች ይህ ከቁጥር አይገባም፤ አዲስ አካል አገኘሁ ብሎ ቦታውን ለሚያስመዘግብ ግን ወሳኝ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከአውሮፓው የጋያ ሳተላይት ካታሎግ የተወሰዱ ከዋክብትን በምስሉ ላይ መደረብና፣ ምልክቶቹ በመሐልም በጠርዝም በከዋክብቱ መሐል ላይ ማረፋቸውን መመልከት ነው።

አቅጣጫም የቦታ ጉዳይ ነው። ሰማይ ከታች ወደ ላይ ስለሚታይ፣ ሰሜን ወደ ላይ ሲደረግ ምሥራቅ የሚውለው በግራ በኩል እንጂ እንደ ምድር ካርታ በቀኝ አይደለም። ብዙ ትናንሽ ቴሌስኮፖች ብርሃኑን በአንድ መስተዋት ስለሚያጥፉት ግራና ቀኝን ያገለባብጣሉ፤ ሶፍትዌሩም ይህን ለማዛመድ የሚያስችል የመገልበጫ ምርጫ አለው። ማዞርና መገልበጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የተገለበጠ ምስል ምንም ያህል ቢዞር ከሰማዩ ጋር አይገጥምም።

ሁለተኛው ነገር ቀለም ሲሆን፣ ተመልካችን በብዛት የሚያሳስተውም ይህ ነው። በዲኤስኤስ ባለቀለም ምስል ላይ የሚታየው ቀለም በአንድ ጊዜ የተነሣ አይደለም። የቀዩ ክፍል ከቀይ ሰሌዳ፣ የሰማያዊው ክፍል ከሰማያዊ ሰሌዳ የመጣ ሲሆን፣ አረንጓዴው ግን የሁለቱ አማካይ ሆኖ በስሌት የተሞላ ነው፤ በአረንጓዴ ብርሃን የተነሣ ሰሌዳ በቅንብሩ ውስጥ የለም። ሁለቱ ሰሌዳዎች ደግሞ በተለያዩ ዓመታት የተነሡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በመካከሉ ቦታውን የቀየረ ኮከብ አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ ነጥብ ሆኖ ጎን ለጎን ይታያል። ይህን ለማያውቅ ተመልካች ሁለት ከዋክብት ናቸው፤ ለሚያውቅ ግን የአንድ ኮከብ ጉዞ ነው።

ቀይና ሰማያዊውን ለየብቻ ማየት ከባለቀለሙ ይልቅ የሚያስተምረው በዚህ ምክንያት ነው። በኦሪዮን መታጠቂያ ሥር የሚገኘው የፈረስ ራስ ኔቡላ ጥቁር የአቧራ ደመና ሲሆን፣ የሚታየውም ከበስተጀርባው በሚያበራ የሃይድሮጅን ጋዝ ላይ ጥላ ሆኖ ነው። ጋዙ በአቅራቢያው ባለ ብርቱ ኮከብ ጨረር ተነቃቅቶ የሚያወጣው ዋና ብርሃን 656.3 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ስላለው፣ ከ610 እስከ 690 ናኖ ሜትር ገደማ የሚቀበለው የሁለተኛው ትውልድ ቀይ ሰሌዳ አጉልቶ ያሳየዋል፤ በሰማያዊው ሰሌዳ ላይ ግን የኋላው ብርሃን ስለሚደክም የፈረሱ ራስ ቅርጽ አብሮ ይደበዝዛል። በሰባቱ ከዋክብት ዘንድ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከዋክብቱን የከበበው ጭጋግ ራሱ የሚያበራ ጋዝ ሳይሆን የከዋክብቱን ብርሃን የሚበትን አቧራ ነው፤ አቧራ አጭር የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን አብልጦ ስለሚበትንና ከዋክብቱም ሰማያዊ ስለሆኑ፣ የጭጋጉ ክር ሁሉ ጎልቶ የሚወጣው በሰማያዊው ሰሌዳ ላይ ነው። አንድ መምህር በአላዲን መስኮቱን ለሁለት ከፍሎ፣ በአንዱ ቀዩን በሌላው ሰማያዊውን አድርጎ እነዚህን ሁለት ቦታዎች ቢያሳይ፣ የሚያበራ ጋዝና ብርሃን የሚበትን አቧራ እንዴት እንደሚለዩ ተማሪው በገዛ ዓይኑ ይረዳል፤ ለዚህ ትምህርት ከዚህ የበለጠ ርካሽ ቤተ ሙከራ አይገኝም።

ከቀለም ጋር የተያያዘው የብርሃን መጠን አቀራረብ ነው። የፎቶግራፍ ሰሌዳ ለብርሃን የሚሰጠው ምላሽ ቀጥተኛ አይደለም፤ ኮከቡ እጥፍ ቢበራ ጥቁረቱ እጥፍ አይሆንም፤ ደማቅ ኮከብ ሲሆን ደግሞ ሰሌዳው ይጠግብና ከዚያ በላይ መለየት ያቆማል። በዲኤስኤስ ፋይል ውስጥ ያሉት ቁጥሮች የሰሌዳውን ጥቁረት እንጂ የኮከቡን ብርሃን በቀጥታ አይለኩም፤ ስለዚህ የኮከብ ድምቀት የሚፈልግ ሰው ከካታሎግ ማንበብ እንጂ ፒክስል መደመር የለበትም። በእይታ ረገድ ግን ሶፍትዌሩ የትኛውን ቁጥር ጥቁር፣ የትኛውን ነጭ አድርጎ እንደሚያሳይ ማስተካከል ይቻላል። ቀጥተኛው አቀራረብ ለከዋክብት ሲስማማ፣ ሎጋሪዝማዊው ደብዛዛውን የጋላክሲ ክንድ ከጨለማው ያወጣዋል። ማስተካከያው የሚሠራው ግን በፊትስ ንጣፎች ላይ ነው፤ በተጨመቀው የጄፔግ ንጣፍ ላይ እያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃዎች ብቻ ስለቀሩት የጠፋው ዝርዝር አይመለስም። አላዲን ሁለቱንም ዓይነቶች ስለሚያቀርብ፣ ለሰፊ ቅኝት ጄፔግን፣ ለምርመራ ፊትስን መምረጥ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው ነገር ቀን ነው፤ ከሦስቱም በቀላሉ የሚጠፋው እርሱ ነው። በኦፊዩከስ ኅብረ ከዋክብት የሚገኘው የባርናርድ ኮከብ በ1916 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ባርናርድ ፍጥነቱን ከገለጠ ጀምሮ፣ በሰማይ ላይ ቦታውን በፍጥነት በመቀየር ከሚታወቁት ከዋክብት ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ ቆይቷል፤ በየዓመቱ 10.4 የቅስት ሰከንድ ገደማ ይጓዛል። በ1950ዎቹ በተነሣው የመጀመሪያ ፓሎማር ሰሌዳና ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ በተነሣው በሁለተኛው መካከል ኮከቡ ወደ 7 የቅስት ደቂቃ ተጉዟል፤ ጋያ ካታሎጉን ባስቀመጠበት በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከመጀመሪያው ሰሌዳ በ11 የቅስት ደቂቃ ገደማ፣ ማለትም በሙሉ ጨረቃ ስፋት ሲሶ ርቆ ይገኛል። የጋያን ምልክት በአሮጌው ምስል ላይ የደረበ ተጠቃሚ ምልክቱ ባዶ ቦታ ላይ ሲያርፍ ያያል፤ ሶፍትዌሩም አልተሳሳተም፣ ካታሎጉም አልተሳሳተም፤ የተለያየው ቀኑ ነው። የሁለቱን ትውልዶች ቀይ ምስል በዲኤስ 9 አውርዶ፣ ሁለቱን እያፈራረቀ የሚያሳየውን ትእዛዝ ያስነሣ ሰው፣ ሌሎቹ ከዋክብት በቦታቸው ጸንተው አንዱ ብቻ ሲዘል ይመለከታል። ክላይድ ቶምባው በ1930 እ.ኤ.አ. ፕሉቶን ያገኘው ይህንኑ ዘዴ በመሣሪያ በመጠቀም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የአዘገጃጀት ውሳኔ ያስፈልጋል። ሂፕስ ብዙ ሰሌዳዎችን ወደ አንድ ሰማይ ስለሚያዋህድ፣ ንጣፉ ከየትኛው ሰሌዳ እንደመጣና ሰሌዳው መቼ እንደተነሣ በንጣፉ ላይ አይጻፍም። ቀኑ የሚያስፈልገው ተጠቃሚ በዚያ ውህድ ምስል ላይ መቆም የለበትም፤ ቦታውን ካገኘ በኋላ የዚያኑ ቦታ ያልተዋሐደ የሰሌዳ ቁራጭ ከሕዋ ቴሌስኮፕ ሳይንስ ተቋም ወይም ከአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ አገልጋይ በፊትስ ማውረድ፣ መግለጫውንም ከፍቶ የተነሣበትን ቀንና የሰሌዳውን መለያ ማንበብ አለበት። የፋይሉን ስም ሲያስቀምጥም የአካሉን ስም፣ ትውልዱን፣ ቀለሙንና ቀኑን ቢያጣምር፣ ከዓመታት በኋላ ፋይሉን የሚከፍት ሌላ ሰው መገመት አያስፈልገውም።

ለኢትዮጵያ ተመልካች ደግሞ ከሌላው የሚለይ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የሰሜኑ የዋልታ ኮከብ በአድማስ ጥግ ዝቅ ብሎ ሲታይ፣ የደቡብ መስቀልም በበኩሉ ከደቡብ አድማስ በላይ ይወጣል፤ በዴክሊኔሽን ሲቆጠር እስከ ደቡብ 81 ዲግሪ ያለው ሰማይ በዓመቱ ውስጥ ይታያል። በዚህም ምክንያት ተመልካቹ የፓሎማርንም የአውስትራሊያንም ሰሌዳ በአንድ ሌሊት ይፈልጋል። የሁለቱ ዳሰሳዎች መገናኛ በግምት የሰማይ ወገብ አካባቢ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ ላይ ከራስ አናት ጥቂት ወደ ደቡብ ብሎ፣ ለመመልከት እጅግ በሚመችበት ከፍታ ያልፋል። በመጀመሪያው ትውልድ ስብስብ ውስጥ የሰሜኑ ምስል በአብዛኛው ቀይ ሰሌዳ፣ የደቡቡ ደግሞ በአብዛኛው ሰማያዊ ሰሌዳ ስለሆነ፣ መገናኛውን የሚሻገር ተመልካች አንዱ ወገን በኔቡላ የበለጸገ፣ ሌላው የደኸየ መስሎ ሊታየው ይችላል፤ ሰማዩ ግን አልተለወጠም። በኦሪዮን አካባቢ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ፣ በሶፍትዌሩ ውስጥ የመጀመሪያው ትውልድ ሳይሆን የሁለተኛው ትውልድ አንድ ቀለም ተለይቶ መመረጥ ይኖርበታል።

የኢንተርኔት መቋረጥም በዝግጅቱ ውስጥ ከመጀመሪያው ሊታሰብበት ይገባል። ሶፍትዌሮቹ አንድ ጊዜ ያወረዱትን ንጣፍ በኮምፒዩተሩ ጊዜያዊ ማከማቻ ስለሚያስቀምጡ፣ የማከማቻውን መጠን ከፍ አድርጎ፣ ለምልከታ የታቀዱትን ቦታዎች ቀን መስመሩ ባለበት ሰዓት አንድ በአንድ መጎብኘት ሌሊቱን ያለ መስመር ለመሥራት ያስችላል። መላውን ሰማይ ይዞ መቀመጥ የሚፈልግ ትምህርት ቤት ደግሞ እስከ ስድስተኛው ደረጃ ድረስ ያሉትን ንጣፎች ብቻ ቢይዝ፣ ከሦስተኛው ደረጃ ጀምሮ በድምሩ 65,280 ንጣፎች ይሆናሉ፤ በዚያ ደረጃ አንድ ፒክስል 6.4 የቅስት ሰከንድ ገደማ ስለሚሆን፣ ለክፍል ትምህርትና ለአነስተኛ ቴሌስኮፕ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ተማሪ ስልክ ላይ ሰማይን በየጊዜው ከማውረድ ይልቅ፣ በአንድ የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ላይ አንድ ጊዜ አውርዶ ለሁሉም ማካፈል በአገሩ ሁኔታ የተሻለ መንገድ ነው። ምስሉን በፖስተር ወይም በመጽሐፍ የሚያትም ደግሞ ሰሌዳዎቹ ባለመብት እንዳላቸው ዐውቆ የአጠቃቀም ፈቃዱን ማንበብና ምንጩን መጥቀስ ይጠበቅበታል።

በምስሎቹ ላይ ሰማይ ያልሆኑ ብዙ ነገሮችም አሉ። ከደማቅ ኮከብ አራት አቅጣጫ የሚወጣው መስቀል በቴሌስኮፑ ውስጥ ሰሌዳውን የሚይዙት ክንዶች የፈጠሩት ነው፤ በዙሪያው ያለው ክብ ብርሃን በመሣሪያው ውስጥ ከተንጸባረቀ ብርሃን የመጣ ነው፤ ቀጥ ያለ ረጅም መስመር የሳተላይት ወይም የአውሮፕላን መንገድ ነው፤ በአንዱ ቀለም ብቻ የሚታይ ስል ነጥብ ደግሞ አቧራ ወይም የኬሚካል ጉድለት ሊሆን ይችላል። አንድን ነገር እውነተኛ ነው ከማለት በፊት በሁለቱም ቀለሞች፣ በሁለቱም ትውልዶች መፈለግ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ፍሬ የሚያፈራው ዛሬ በተነሣ ምስል ላይ ከዚህ በፊት ያልነበረ ነጥብ ሲገኝ ነው። በእንጦጦ ተራራ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካሉት ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች በአንዱም ሆነ በአነስተኛ የግል ቴሌስኮፕ አንድ ጋላክሲ ተነሥቶ፣ በክንዱ ላይ በዲኤስኤስ ምስል ላይ የሌለ ኮከብ ቢታይ፣ የመጀመሪያው ሥራ ምስሎቹን በመጋጠሚያ አዛምዶ የነጥቡን ቦታ መለካት ነው። ቀጥሎም የድሮው ሰሌዳ የሚያሳየው ዝቅተኛ ድምቀት ከአዲሱ ምስል ጋር መመጣጠኑ፣ ማለትም ነጥቡ የጠፋው ስላልነበረ እንጂ ሰሌዳው ደብዛዛውን መለየት ስላልቻለ አለመሆኑ ይረጋገጣል። ከዚያ በኋላ በቀይና በሰማያዊ፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ትውልድ ይፈለጋል፤ በዚያ ሰዓት በቦታው የሚያልፍ አስትሮይድ መኖሩ ከአነስተኛ ፕላኔቶች ማዕከል መረጃ ይጠየቃል፤ ነጥቡ አለመንቀሳቀሱን ለማረጋገጥም ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላ ምስል ይነሣል። በዚህ ሁሉ ያለፈ ነጥብ ለዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የጊዜያዊ አካላት መዝገብ ሲቀርብ፣ ሪፖርቱ የነጥቡን መጋጠሚያ፣ አዲሱ ምስል የተነሣበትን ሰዓት፣ እንዲሁም ነጥቡ ያልታየበትን የመጨረሻ ምስል ቀንና የድምቀት ወሰን ይይዛል፤ ከዚያ የተሻለ የቅርብ ምስል ለሌለው ተመልካች፣ ይህን የመጨረሻውን ቀን የሚሰጠው በመስታወቱ ሰሌዳ መግለጫ ላይ የተጻፈው ነው።